ጤነኛው ወዳጅ

ቀዝቃዛው ቅባት ጎኑን ሲነካው ወልደማርያም ሳቀ። ሃምሳን የተሻገረ ሰው፣ ያውም ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የአንድ ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ፣ እንደ ሕፃን ተኮርኩሮ መሳቁ ራሱንም አሳፈረው። "ይቅርታ ዶክተር፣ እዚህ ጋ ሰው ነክቶኝ አያውቅም" አለ። ዶክተር ኑርሀን አልሳቀችለትም። የጉበት መመርመሪያ ማሽኑን መለኪያ ከጎድን አጥንቶቹ መሃል ደግፋ ትጫናለች፣ ማሽኑ ቆዳውን ነካ ያደርገዋል፣ እሷ ስክሪኑን ታያለች። ከዚያ መለኪያውን ትንሽ ዝቅ ታደርግና ደግማ ትጫናለች።

ባለፈው ጊዜ ለምርመራ ደም ሲሰጥ እንዲህ ዝምተኛ አልነበረችም። ድሬዳዋ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ትልቁንም ትንሹንም "አንተ" ነው የምትለው። "ጋሽ ወልዴ፣ ክንድህን አትደብቀኝ፣ ደምህን ልሸጠው አይደለም" እያለች ስታስቀው ነበር። አሁን ግን ቅባቱን የሚጠርግበት ሶፍት አቀበለችውና "ቀና ብለው ይቀመጡ" አለችው።

ወልደማርያም ሸሚዙን መቆለፍ ጀምሮ እጁ ቆመ። "ምን አጠፋሁ?" አለ።

"ምንም። ለምን አልክ?"

"አንቱ ስትዪኝ ጊዜ ነዋ።"

ወልደማርያም ወደዚህ ክፍል የመጣው ታሞ አይደለም። ታማሚው ጓደኛው ሳላሕ ነው። ሁለቱ የተዋወቁት በድሮው የባቡር ድርጅት የጥገና ቤት፣ አትልዬው ውስጥ፣ ጎን ለጎን ቶርኖ ላይ ቆመው ብረት ሲቀርጹ ነው። አትልዬው ሲቀዘቅዝ ሳላሕ ታይዋን የሚባለው ገበያ ገብቶ የኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጥ ጀመረ፣ ወልደማርያም ወደ ፋብሪካ ሄደ። ሥራ ቢለያያቸውም የጫት በርጫው ግን አልለያያቸውም። ሥራ ሲያበቃ ሳላሕ ቤት ይገናኛሉ፤ ጫታቸውን ከፊታቸው ዘርግተው፣ ከአንድ ፔርሙስ ሻይ እየቀዱ፣ የከተማውን ወሬ አንድ በአንድ ያነሳሉ። አንዱ ሙስሊም አንዱ ክርስቲያን መሆናቸው ትዝ የሚላቸው በዓል ሲደርስና ሥጋው ከየት ይምጣ ሲባል ብቻ ነው።

በክረምቱ መግቢያ ሳላሕ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ እግሩ አበጠ፣ ሆዱ ውሃ ቋጠረ። ሰፈሩ በአንድ ድምፅ የወፍ በሽታ ነው አለ። የወፍ በሽታ ያለበት ሰው መርፌ ከነካው ይሞታል ስለሚባል ሐኪም ቤት መሄዱ ቀርቶ ቅጠል እየተጨመቀ ጠጣ፤ እያስመለሰም ጠጣ። በመጨረሻ ሐኪም ቤት ሲደርስ ጉበቱ ደርቆ፣ ከደረቀው ጉበት ላይ ካንሰር በቅሎ ተገኘ።

ዶክተር ኑርሀን ከባልደረቦቿ ጋር የምታጠናው ይህንኑ ነው። በዚህ አካባቢ መጠጥ ሳይቀምሱ፣ የጉበት ቫይረስም ሳይገኝባቸው ጉበታቸው የሚደርቅ ወንዶች በዝተውባታል። ለእያንዳንዱ ታማሚ በዕድሜም በኑሮም የሚመስለው አንድ ጤነኛ ሰው ትፈልግና ሁለቱን ታወዳድራለች። ሳላሕን "እንዳንተ ያለ፣ ግን ያልታመመ ሰው ታውቃለህ?" ብትለው ወዲያው የወልደማርያምን ስም ጠራ። "እሱ ብረት ነው፣ ጉንፋን እንኳ ይፈራዋል" አላት። ወልደማርያም ለጥናቱ የተመረጠው እንዲህ ነው፤ ጤነኛው ተብሎ።

እሱ ግን እሺ ያለው ለጥናቱ ብሎ አልነበረም። ጅቡቲ ያሉት የሳላሕ ዘመዶች ሕንድ አገር ወስደው ጉበት ሊያስቀይሩለት ተነስተዋል፤ የሚጠበቀው ጉበቱን የሚሰጥ ሰው ብቻ ነው። የሳላሕ ብቸኛ ልጅ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሚስቱ ቱሪያ ስኳር አለባት። ወልደማርያም የሰጪው ጉበት መልሶ እንደሚያድግ ከሰማ በኋላ አንድ ቀን በርጫ ላይ "ግማሹን ውሰድ" አለው። በምርቃና የተገባ ቃል ጠዋት እንደሚተን ሁለቱም ያውቃሉ። ስለዚህ ወልደማርያም በማግስቱ ጠዋት፣ አንድ ቅጠል እንኳ ሳይቅም፣ ሄዶ ደገመው። ሳላሕ ያን ጊዜ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ።

"እንግዲህ" አለ ወልደማርያም የመጨረሻዋን ቁልፍ እየቆለፈ፣ "መቼ ነው የሚቆረጠው? ዛሬ ለመንገዱ ዱዓ ሊያደርጉለት ተሰብስበው እየጠበቁኝ ነው።"

ኑርሀን ወንበሯን አስጠጋች። "ጋሽ ወልዴ፣ ጉበትህ ጠባሳ ይዟል። ብዙ ቦታ ደርቋል።"

"የማን?"

"ያንተ።"

ወልደማርያም ወደ ማሽኑ ተመለከተ። ዕድሜውን ሙሉ ማሽን ሲጠግን የኖረ ሰው በመሆኑ መጀመሪያ የጠረጠረው መለኪያውን ነው። በሌላ ማሽን ይታይ እንደሆነ ጠየቃት። ደሙም ያንኑ እንደሚል፣ አልትራሳውንዱም ያንኑ እንዳሳየ ነገረችው። ምንም እንደማያመው፣ ትናንት እንኳ ሁለት ሰው የሚሸከመውን ሞተር ብቻውን እንዳነሳ፣ እንቅልፉም ምግቡም ደህና እንደሆነ ዘረዘረላት። እሷም እስኪጨርስ ጠበቀችው።

"ጉበት ዝም ብሎ ይችላል" አለችው። "ሲናገር ያለቀለት ጊዜ ነው። ሳላሕም ከዓመታት በፊት እዚህ አልጋ ላይ ቢተኛ ኖሮ እንዳንተ ይስቅ ነበር።"

"አልጠጣም እኮ።"

"አውቃለሁ። ቫይረሱም የለብህም። የቀረው አንድ ነገር ነው። ጥናታችን ገና አላለቀም፣ ጫቱ ነው ብዬ ልምልልህ አልችልም። አባቴ ብትሆን ግን ዛሬውኑ ጫቱን አስተውህ ነበር።"

"እሺ፣ ከነገ ጀምሮ—"

"ከዛሬ። የደረቀው አይመለስልህም። እዚያው ላይ ሊቆም ግን ይችላል፣ ከቆመልህ ብዙ ዓመት ትኖርበታለህ። ካልተውክ መንገዱ የሳላሕ መንገድ ነው።"

የሳላሕ ስም ሲነሳ ወልደማርያም የመጣበት ጉዳይ ትዝ አለው፤ ስለ ራሱ ሲከራከር ረስቶት ነበርና አፈረ። ግማሹ ባይሆን ትንሽ እንኳ፣ ደህና ከሆነው ወገን ተቆርጦ መስጠት ይቻል እንደሆነ ጠየቃት። አይቻልም አለችው። የእሱ ጉበት ጤነኛ ቢሆን ኖሮ እንኳ ሕንዶቹ ሳላሕን የሚቀበሉት እንደማይመስላት፣ ዕጢው ከተገቢው በላይ እንዳደገ፣ ይህንንም ለቱሪያ ደጋግማ እንደነገረቻትና ቱሪያ ልትሰማት እንዳልፈለገች ሳትደብቅ አወራችው። ስንት ጊዜ ቀረው ሲላት ወራት ብላ ልታጽናናው አልደፈረችም።

በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ። "ሳላሕ ቢጠይቅሽ የእኔን እንዳትነግሪው።"

"ያንተ ውጤት ያንተ ነው፣ ለማንም አልናገርም።"

"ጥናቱ ላይስ ምን ልሆን ነው?"

"ከታማሚዎቹ ጋር ትቆጠራለህ። ለሳላሕ ሌላ ጤነኛ እፈልጋለሁ።"

"ከእኛ በርጫ እንዳትፈልጊ" አላት። ሊያስቃት ነበር፤ ሁለቱም አልሳቁም።

ውጭ ፀሐይዋ አስፋልቱን ታነድደዋለች። የአወዳይ ጫት ከተማ የሚገባበት ሰዓት ስለነበር ጠዋት ሲያንቀላፋ ያረፈደው መንገድ ሁሉ ነፍስ ዘርቷል፤ ባጃጁ ይጣደፋል፣ ሰው ሁሉ የጫት ዙርባውን በብብቱ ይዞ ወደየቤቱ ይበርራል። ወልደማርያም ይህን ሰዓት ይወደው ነበር። ከከተማው ሁሉ ይልቅ የራሱ የሚመስለው ይህ ሰዓት ነበር። ዛሬ ግን ቀጥ ብሎ አየውና ፈራ። ሞት እንዲህ በየማዕዘኑ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ ሲሸጥ ኖሮ እሱ ከመሃሉ ለስላሳውን ሲመርጥ መኖሩን አሰበ። ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጠራ። የደወለችው ሚስቱ፣ ተሻለች ናት። ውጤቱን ልትሰማ ነው፤ ጉበቱን እንዳይሰጥ ስታለቅስ ሰንብታ በመጨረሻ "እሺ፣ አንተም እሱም ከተረፋችሁልኝ" ያለችው ትናንት ነው። ጫቱን ተው ብላ የለመነችውን ዘመን ቢያስበው ስልኩን ለማንሳት አፈረ። እስኪዘጋ ጠበቀ።

ሰምሰም ከጥላዋ ሥር ተቀምጣ ሲያልፍ አየችው። ለዓመታት ጫቱን የሚገዛው ከእሷ ነው፣ የሱን ለብቻ ታስቀምጥለታለች።

"ወልዴ፣ አቦ ወዴት ነው? ዛሬ እኮ የሳላሕ ዱዓ ነው" አለችው። "ባዶ እጅህን ልትገባ ነው?"

ቆመ። እውነቷን ነው። ለታመመ ሰው ወዳጆቹ ሲሰበሰቡ እያንዳንዱ ጫቱን ይዞ ይገባል፤ ተቅሞ ዱዓው ይደረጋል፣ ሽማግሌው ሲመርቅ ሁሉም አሚን ይላል። ወልደማርያምም ማተቡ አንገቱ ላይ እንዳለ ስንቱን ታማሚ አሚን ብሎለታል። አሁን ባዶ እጁን ከገባ ገና ከበሩ ዜናውን አወጀ ማለት ነው። ልያዝ እንጂ አልቅምም ብሎ ለራሱ ወሰነና ተቀበላት። ሰምሰም ከላዩ አንድ ጭብጥ መረቀችበት፤ "ይሄ የሳላሕ ነው፣ አላህ ያሽረው" አለች።

የደቻቱ ወንዝ ደርቆ ነበር። ድልድዩን ትቶ በአሸዋው ተሻገረ። እዚያ፣ ከሰው ዓይን ወጣ ሲል፣ ንዴት መጣበት፤ የተናደደውም በሳላሕ ነው። ያስለመደው እሱ ነው። በማያውቀው ነገር ውስጥ እጁን ይዞ ያስገባው፣ በየቀኑ "የት ቀረህ?" ብሎ የሚደውለው፣ አንድ ቀን ቢቀር የሚያኮርፈው እሱ ነው። ጉበቱን ሊሰጠው ሄዶ የራሱን ሞት ተሸክሞ መመለሱ ግፍ ሆኖ ታየው። ዙርባውን አሸዋው ላይ ጥሎ ወደ ቤቱ ሊመለስ ቆሞ አሰበ። ተሻለች ትገኛለች፣ በሩን ይዘጋል፣ ይተኛል። ከዚያ ሳላሕ ማንም ሳይነግረው እንደሚቀር አሰበ፤ በር በሩን የሚያየው ያ ቢጫ ዓይኑ ትዝ አለውና ወዲያው በንዴቱ አፈረ። ዳርቻውን ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ገባ።

ቱሪያ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ምንም ሳትጠይቅ ፊቱን አየችው።

"ደማችን አልገጠመም" አለ። ይህን ውሸት መቼ እንዳዘጋጀው እሱም አያውቅም።

ቱሪያ የሻሿን ጫፍ በአፏ ያዘች። ሌላ ሰው ቢፈለግስ፣ ከዘመድ፣ ከአወዳይ በኩል ካሉት አለችው፤ ከዚያም መልሱን ሳትጠብቅ ተወችው። ዶክተሯ የነገረቻትን ሁሉ ያን ጊዜ የሰማችው ይመስል ነበር። "አንተ ንገረው" አለች። "እኔ አልችልም። ዛሬ ጠዋት ሻንጣ አስወርዶኛል።"

ሳላሕ እንደወትሮው ጥጉ ላይ፣ ትራስ ከጀርባው ተደርድሮለት፣ በሽርጥ ተቀምጧል። ፊቱ ላይ አጥንት ብቻ ቀርቷል፤ ሆዱ ግን ተነፍቶ ሽርጡን ወጥሮታል። ሻንጣው እግሩ ሥር ነው። የሰፈሩ ሰዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል፤ ሽማግሌው ዱዓውን ጀምሯል። ወልደማርያም ጫማውን አውልቆ የሁልጊዜ ቦታው ላይ፣ ከሳላሕ ጎን ተቀመጠና ዙርባውን ከፊቱ አኖረ። መንገዱን አላህ ያቅናለት ተባለ፣ አሚን አለ። ሰጪውን አላህ ይጠብቀው፣ ጤናውን አይንሳው ተባለ። አሚን ለማለት አፉን ከፍቶ ድምፁ እምቢ አለው።

የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ሰዎቹ ተነስተው ወደ መስጊድ ወጡ። ሳላሕ መነሳት ካቆመ ሰንብቷል። ሁለቱ ብቻቸውን ቀሩ።

"በል ንገረኝ" አለ ሳላሕ። "ስትገባ ፊትህን አይቼዋለሁ።"

"ደማችን አልገጠመም።"

የሳላሕ ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ወልደማርያም የሚያለቅስ መስሎት ቀና ቢል እየሳቀ ነው። "ከአንድ ፔርሙስ ስንጠጣ አርጅተን፣ ደማችን አልገጠመም?" አለ። ሳቁ ሆዱን አሳመመውና አቆመ። እግሩ ሥር ያለውን ሻንጣ ለረጅም ጊዜ አየው። "ቱሪያ ሰምታለች?"

"ሰምታለች።"

"እንግዲህ ሻንጣውን ትመልሰው።" ፊቱን በእጁ ጠረገ። "ያንተን ጉበትስ አየችው? ኑርሀን?"

"አየችው።"

"እና?"

ወልደማርያም ዓይኑን ሳይሰብር አየው። "ብረት ነው አለች።"

ሳላሕ ዓይኑን ጨፈነ። "አልሐምዱሊላህ" አለ፤ ደግሞም አለ። ጉሮሮው ደርቆ ስለነበር ወልደማርያም ውሃ አቀረበለት፣ በጥቂቱ ጠጣ።

"ልንገርህ" አለ ሳላሕ። "ያቺ ልጅ ስለ ጫቱ ስትጠይቀኝ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ከማን ጋር ስትለኝ፣ ነገሩ ገባኝ። አልሰማሁም አልኩ እንጂ ገብቶኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ራሴ አይደለም የማስበው። አትልዬ ውስጥ እንቅልፍ እየጣለህ እጅህ ቶርኖው ውስጥ ሊገባ ሲል የመጀመሪያዋን ቅጠል አፍህ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። አንተም ላይ ቢገኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ። ስምህን የሰጠኋትም ለዚያ ነው። ጤነኛ መሆንህን እንድታይልኝ።"

ወልደማርያም ደቻቱ ላይ የተናደደውን ንዴት አስታወሰና ምድር ብትውጠው ወደደ።

"አሁን ብሞትም ግድ የለኝም" አለ ሳላሕ። "ጉበቱ ቢቀርስ ምን ይደረጋል። ብቻ አንተን አልገደልኩህም።"

ከዚያ እንደ ቀድሞው ዙርባውን ወደ ራሱ ጎተተ። አፉ ቆስሎ መቃም ካቆመ ቆይቷል፤ ጣቶቹ ግን አልረሱም። ሳላሕ በርጫ ላይ ሲቀመጥ ቀንበጡን ለጎረቤቱ፣ ጠንካራውን ለራሱ የሚያደርግ ሰው ነው፤ በዚህ ጠባዩ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። አሁንም ሰምሰም ከመረቀችው ላይ ለስላሳዎቹን አንድ በአንድ እየቀነጠሰ በእጁ ሰበሰበና ወደ ወልደማርያም ዘረጋ።

"እንካ" አለ። "እኔ ባልቅምም አንተ ስትቅም ልይ።"

"ቆይ፣ ሻይ ልጠጣ።"

"ቃምና ትጠጣለህ።"

"ዛሬ ጨጓራዬን ትንሽ—"

ሳላሕ እጁን አልመለሰም። ቢጫ ዓይኑ የወልደማርያምን ፊት፣ ከዚያ ያልተነካውን ዙርባ፣ ከዚያ እንደገና ፊቱን አየ። እነዚህን ዓመታት ሁሉ ወልደማርያም የተሰጠውን ቀንበጥ የመለሰበት ቀን የለም፤ ወባ ይዞት ሲንቀጠቀጥ እንኳ ተቀብሏል።

"ወልዴ" አለ በቀስታ። "ብረት ነው አለች አላልከኝም?"

ስልኩ እንደገና ጠራ። ተሻለች መሆኗን ሳያይም ያውቃል። ኪሱ ውስጥ እጁን ከትቶ ድምፁን ዘጋው። "ከዛሬ" ያለችው የኑርሀን ድምፅ ጆሮው ላይ ነበር፤ እናቱ እንኳ እንዲህ ጥርት ባለ ድምፅ ለምናው አታውቅም። "ከነገ" ሊል ፈለገ፤ ግን ሳላሕ ነገም እጁን እንደሚዘረጋ አሰበ። ሕይወቱ እስኪያበቃ ድረስ በየቀኑ ይዘረጋል፤ በየቀኑም ያየዋል።

"ብረት ነው አልኩህ እኮ" አለና ቀንበጡን ከእጁ ተቀብሎ አፉ ውስጥ ከተተው።

ቅጠሉ ለስላሳ ነበር፣ እንደሁልጊዜው መጀመሪያ መረረው። በግራ ጉንጩ ሰብስቦ፣ ሳላሕ እንዲያየው አድርጎ ማኘክ ጀመረ። ሳላሕ የጓደኛው ጉንጭ እስኪሞላ ድረስ ዓይኑን አልነቀለም። ከዚያ ትራሱ ላይ ደገፍ አለ፤ የፊቱ ጅማት ሁሉ ላላ፣ ከታመመ ወዲህ እንዲህ አርፎ ታይቶ አያውቅም። ከውጭ፣ ከመስጊድ የተመለሱት ሰዎች ጫማቸውን ሲያወልቁ ይሰማል። ቱሪያ ገብታ ሻንጣውን አንስታ ወጣች።

ሳላሕ ዙርባውን ጭኑ ላይ አስተካክሎ ሌላ ቀንበጥ መምረጥ ጀመረ። ወልደማርያም አፉ ውስጥ ያለውን ዋጠና እጁን ዘረጋ።